የፍየሉ ጸሎት

ወንድሜ ፍየል ነው። ሥራውን ማለቴ ነው። ቅዳሜ ማታ በቴሌቪዥን በሚታየው አስቂኝ የካርቱን ተከታታይ ውስጥ አንድ በምንም ነገር የማያምን፣ ሁሉን «ማን አይቶ?» እያለ የሚያጣጥል ፍየል አለ። ድምፁ የወንድሜ ነው። ሰፈሩ ትክክለኛ ስሙን ከረሳው ቆይቷል። ልጆቹ «ጋሼ ፍየል» ይሉታል፤ ትልልቆቹ ደግሞ ሲያዩት ፊታቸውን ያጠቁራሉ።

የሚያበሽቀው ነገር፣ ወንድሜ ሳይጸልይ ከአልጋው የማይወርድ ሰው መሆኑ ነው። ልጆች ሳለን እኔ በጸሎት መሃል ሳቄ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ስነክስ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ከልቡ ነበር። በዚያው ካርቱን ውስጥ ሰባኪውን ኤሊ የሚጫወተው ባልደረባው ግን ለሠርግና ለቀብር ካልሆነ የጸሎት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ አይደብቀውምም። እንግዲህ የሰውን ነገር እዩት። ኤሊው አውቶቡስ ሲሳፈር ወንበር ይለቀቅለታል፤ እናቶች ልጆቻቸውን እያቀረቡ «ባርክልን» ይሉታል። እሱም ሲጋራውን ከጀርባው ደብቆ ይባርካል። ወንድሜ አጠገቧ የተቀመጠባት አንዲት ሴትዮ ግን «ልብ ይስጥህ» ብላው ቦታ ቀየረች። «አሜን» አላት። እኔ ብሆን ሌላ ነበር የምላት።

ይህን ሁሉ ይችለው ነበር። ያልቻለው የእናታችንን ነው። ሦስታችንም አንድ ቤት ነው የምንኖረው። ድሮ ወንድሜ ለሥራ ሲወጣ እናታችን ከየትም ሆና «በሰላም ግባ» ሳትለው አትቀርም ነበር። ፍየሉ መጀመሪያ በታየ በማግስቱ ዝም አለች፤ እንደዘጋችውም ቀረች። ምግቡን ታቀርብለታለች፣ ሸሚዙን ትተኩስለታለች፤ ያቺን ቃል ግን ነፈገችው። «በአደባባይ በፈጣሪ የሚያላግጥን ልጅ ምን ብዬ ልመርቀው?» ትለኛለች፣ እሱ እየሰማ። እሱም በየጠዋቱ በሩ ላይ ጫማውን ሲያስር ይቆያል፤ ምናልባት ብሎ። አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

የዝግጅቱን ኃላፊ ሠራተኞቹ «ሚዛን» ይሉታል፤ ስብሰባ በተቀመጠ ቁጥር «ሚዛን ይጠበቅ» ስለሚል። ከተመልካቹ አማኞቹ «ፍየሉ አፉን አበዛ» ብለው ያማርራሉ። የማያምኑት ደግሞ «ለምንድን ነው መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ እሱ ብቻ ጉድጓድ የሚገባው?» ይላሉ። ሚዛን፣ በኤሊው አንዴ ከተሳቀ በፍየሉም አንዴ ይሳቅ ብሎ ደነገገ። ሁለቱም ወገን ባሰባቸው። በመጨረሻ ማስታወቂያ የሚያወጣው የሳሙና ድርጅት ሲያኮርፍ መላ አገኘ፦ ፍየሉ ይመን! ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ይጸልይ፣ ኤሊው በገመድ ያውጣው፣ አገር ይታረቅ።

እኔ በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝም። «እማዬ ልትታረቅህ ነው!» አልኩት። እሱ ግን የተሰጠውን ጽሑፍ ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጎ «አልሠራውም» አለ። ጸሎቱ «ፈጣሪ ሆይ፣ ካለህ፣ ቀንዴን አሳድግልኝ» የሚል ነበር።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ስትክድ ኖረህ፣ ማመኑ ነው የከበደህ?»

«መካዱ ቀልድ እንደሆነ ፈጣሪ ያውቃል። ስጸልይ ካስመሰልኩ ግን ማንን ነው የማታልለው?»

ለሚዛንም ይህንኑ ነገረው። ሚዛን ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «የኔ ወንድም፣ ፍየል እኮ ነው!»

«ፍየል ነው፤ ጸሎቱ ግን ጸሎት ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ሲጨቃጨቁ የደረሰው ኤሊው ነበር ያስታረቃቸው። «በራሱ ቃል ይጸልይ፣ ምን ቸገረህ?» አለው። ሚዛንም ርዝመቱ እንዳይለወጥ አስጠንቅቆ እሺ አለ።

በቀረጻው ቀን ለጉሮሮው ማር ይዤለት ሄድኩ። እዚያ ቤት ተዋናዮቹ ፊት ለፊት አይነጋገሩም። እያንዳንዱ ግድግዳዋ ስፖንጅ የለበሰ ጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻውን ገብቶ የራሱን ድርሻ ብቻ ይናገራል። ሳቁ በኋላ ነው የሚጨመርበት፣ ድሮ ተቀድቶ ከተቀመጠ ሳቅ። ወንድሜ ያን ሁሉ ዓመት ሲቀልድ አንድም ሰው ፊቱ ስቆለት አያውቅም።

በመስታወቱ አየሁት። ማዳመጫውን አደረገ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከዚያ በዚያው በሚያናድደው የፍየል ድምፅ፦ «ፈጣሪዬ፣ በዚህ ድምፅ የተናገርኩትን ለምን እንደተናገርኩት አንተ ታውቃለህ። እናቴ ግን አታውቅም። አንተ ንገርልኝ።»

ድምፅ ቀጂው ማሽኑን ማጥፋት ረሳ። እኔ የማር ብልቃጤን እንዳቀፍኩ አለቀስኩ። ወንድሜ ወጣና «ርዝመቱ ልክ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ቅዳሜ ማታ እናታችንን ለምኜም ተቆጥቼም ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጥኳት። ወንድሜ ወጥ ቤት ገብቶ የታጠበ ሰሃን ያጥባል። ፍየሉ ጉድጓድ ገባ። «ፈጣሪዬ» አለ፤ ሳቅ። «አንተ ታውቃለህ» አለ፤ ሳቅ። «እናቴ ግን አታውቅም» ሲልማ ያ ሕዝብ ተንከተከተ፣ አንዱ ያፏጫል። ለካ ሚዛን የፍየሉ የሳቅ ድርሻ እንዳይጓደል አዝዞ ኖሯል። ቴሌቪዥኑን ብሰብረው ደስ ባለኝ።

እናታችን አልሳቀችም። ኤሊው ገመዱን ሲጥል «አጥፊው» አለችኝ። አጠፋሁት።

«እነዚህን የሚስቁትን ሰዎች ምን አድርጓቸው ነው?» አለች። «ከልቡ እኮ ነው የሚጸልየው።»

«ካርቱን ነው እማዬ» አልኳት፣ ልፈትናት።

«ልጄ ሲጸልይ ይጠፋኛል?»

ወጥ ቤት ውስጥ ውሃው ይፈሳል፤ የሰሃን ድምፅ ግን የለም።

ሰኞ ጠዋት ሚዛን ደወለ። ሕዝቡ በሳቅ ፈርሷል፣ ፍየሉ በየሳምንቱ ይጸልይ አለ። ወንድሜ «ወደ ክህደቴ መልሰኝና የፈለግከው ጉድጓድ ውስጥ ክተተኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ጫማውን አሰረ፣ እንደ ልማዱ ቆየ፣ ወጣ። ደረጃውን መውረድ ሲጀምር እናታችን ከመኝታ ቤቷ ሆና የሆነ ነገር አለች።

ተመልሶ በሩን ከፈተ። «ምን አልሽኝ፣ እማዬ?»

«ሰምተሃል።»

«አልሰማሁም።» መስማቱን ፊቱ ይናገራል።

«በሰላም ግባ ነው ያልኩህ፣ አንተ ፍየል!»