አንድ ነው ብዬ የሸጥኩት ገስግስ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት መርፌ ይሰጡኛል ብዬ እጄን በሳሙና ታጥቤ ነበር የሄድኩት። ሐጂ ኑሩ የሰጡኝ ግን አንድ ጆንያ የበግ ጠጉርና ጣት የምታህል እንጨት ነው። «ጠቅጥቂ» አሉኝ። ምኑን ብዬ ስጠይቃቸው፣ ሆዱ የተከፈተ የአቡጀዲ ፈረስ ጭኔ ላይ ጣሉልኝ።

ነገሩ ዳንግላ ነው፤ በሃምሳዎቹ ማብቂያ ገደማ። ሐጂ ኑሩ ከጋሪ መቆሚያው ፊት ለፊት የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል አምስት ሴቶች ሆነን አሻንጉሊት እንሠራ ነበር፤ ክንድ የማይሞላ ፈረስ፣ ከነፈረሰኛው። እኔ ይታይሽ፣ በጥልፌ የምኮራ የሃያ ዓመት ሴት፣ ስድስት ወር ሙሉ ጠጉር ስጠቀጥቅ ከረምኩ። ማታ ማታ አፍንጫዬ በግ በግ ይለኝ ነበር።

በሥራ ቤታችን ማዕረግ ነበር። ከታች ጠቅጣቂ አለች። ከእሷ በላይ ሰፊ። ከሰፊ በላይ ግላስ ጠላፊ፣ ማለት ፈረሱ ላይ የሚደረበውን ባለጌጥ ጨርቅ የምታስጌጥ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጭራ ተካይ። ጭራ ተካይዋ ከሐጂ ጋር ስትነጋገር ተቀምጣ ነው፤ እኛ ቆመን።

ጭራ እንዲህ የተከበረው በምክንያት ነው። አሻንጉሊቶቻችን ዝም ብለው ፈረስ አልነበሩም። እያንዳንዱ በአገሩ የሚታወቅ የአንድ ፈረሰኛ ፈረስ ነበር፤ መልኩ፣ ግላሱ፣ የግንባሩ ቦቃ ሳይቀር። ጭራው ደግሞ ከራሱ ከፈረሱ የመጣ ነው። የቁም ፈረስ ጭራ መቁረጥ በኛ አገር ነውር ስለሆነ፣ ለጥር ጊዮርጊስ ፈረሶቹ ሲታጠቡና ሲበጠሩ ከማበጠሪያው ላይ የሚቀረውን ነበር የምንለምነው። አንድ ፈረስ በዓመት ለአንድ አሻንጉሊት የሚበቃ ይሰጣል፤ ከዚያ አይዘልም። ፈረሰኞቹም ሲሰጡ «ፈረሴ አንድ ነው፣ አሻንጉሊቱም አንድ ይሁን» ይሉ ነበር። ደንቡን ያወጡት እነሱ ናቸው፤ ያተረፉበት ሐጂ ናቸው።

ሐጂ ኑሩ ገበያ ያውቁ ነበር። ስምንት አሻንጉሊት ተሠርቶ ቢያልቅ እንኳ ሰባቱን ሣጥን ውስጥ ቆልፈው አንዱን ብቻ መደርደሪያ ላይ ያቆማሉ። አንድ ቀን ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ሁለት ካዩ ከእኔ ጋር ይከራከራሉ። አንድ ካዩ እርስ በርሳቸው ይከራከራሉ።»

እውነታቸውን ነበር። አውቶቡስ ለምሳ ሲቆም መንገደኛው ይጎርፋል። የባሕር ዳር ሹማምንት፣ የመንገድ ሥራ ፈረንጆች፣ ከአዲስ አበባ የመጡ እመቤቶች አንዷን ፈረስ ከበው ሲገፋፉ፣ ሐጂ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ጣራ ጣራውን ያያሉ። የዳንግላ ሰው ግን ይስቅብን ነበር። «በዚህ ዋጋ የሚበላ በግ አይገዙም?» ይላል።

በሦስተኛው ዓመት ጭራ ተካይዋ አግብታ ወደ ጫግኒ ስትሄድ ወንበሯ ለእኔ ደረሰ። መሣሪያዬ ወስፌ፣ ሰምና ድርብ ክር ነው። ጠጉሩን በሰም አያይዤ፣ በክር ጠፍሬ፣ በወስፌ ከቀደድኩት ቀዳዳ አስገብቼ በውስጥ በኩል አስረዋለሁ። እኔ የተከልኩትን ጭራ ይዞ ፈረሱን ማንጠልጠል ይቻል ነበር። ሐጂ ይህንን ለገዢ ማሳየት ሲወዱ!

የመጀመሪያ ሥራዬ የባላምባራስ አየነው ፈረስ ነው። ባላምባራስ ከእንጅባራ ወዲያ ያለ አገር ሰው ናቸው። ፈረሳቸው ገስግስ፣ እሳቸው አባ ገስግስ። ነጭ አምባላይ ነበር፤ ሲቆም እንኳ የሚሄድ የሚመስል። ግቢያቸው ስደርስ ራሳቸው እያበጠሩት ነበር፤ ለአሽከር አይሰጡትም። ከማበጠሪያው የወጣውን ነጭ ጠጉር እየሰበሰቡ፣

«ስንት ትሠሪያለሽ?» አሉኝ።

«አንድ ነው፣ ባላምባራስ።»

«በማን?»

«ጊዮርጊስን! አንድ ብቻ።»

ጠጉሩን በቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ። ገስግስን በሁለት ሳምንት ጨረስኩት። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ እሱን እወድ ነበር፤ አሁንም እወደዋለሁ። የገዛችው በእንጅባራ የምታስተምር ፈረንጅ፣ ሚስ ኤለን ነች። አማርኛ እየተማረች ስለነበር «ይህ ስንት ወንድም አለው?» አለችኝ። «የለውም፤ አንድ ነው» አልኳት። ደስ ብሏት እንደ ሕፃን አቅፋው ሄደች።

ከዚያ ጥር ጊዮርጊስ ደረሰ። በጉግሱ ገስግስን የደረሰበት ፈረስ ጠፋ። ስሙ እስከ ባሕር ዳር ተሰማና የሚመጣ ገዢ ሁሉ «ገስግስን» ማለት ጀመረ። ሌላ ፈረስ ብናሳይ ፊቱን ያዞራል። ሐጂ አንድ ሳምንት ታገሡ፤ በሁለተኛው መጡና ጠቅጣቂዎቹ እንዳይሰሙ ዝቅ ብለው፣

«ይታይሽ፣ ሦስት ብቻ» አሉኝ።

«ጭራ ከየት ይመጣል?»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ጋሪ መቆሚያው ላይ አንድ ነጭ ፈረስ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ዝንብ እያባረረ ቆሟል። ባለጋሪው ነውር የሚባለው ለጉግስ ፈረስ እንጂ ለጋሪ ፈረስ አይመስለውም ነበር። ለሁለት ብርሌ ጠጅ የፈለግነውን ያህል ቆርጠን ወሰድን።

ማንም አላስገደደኝም። እምቢ ብል ሐጂ አያባርሩኝም ነበር። ግን ሰው የሚገፋፋው ለእጄ ሥራ መሆኑ እኔንም ደስ አሰኝቶኝ ነበር። ሦስቱን ሠራሁ። ሁለቱን አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ በአውቶቡስ ይዟቸው ሄደ፤ ሦስተኛው ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ዋጋውን ሲጠብቅ ከረመ።

መስከረም ላይ ባላምባራስ አየነው ወደ ሱቁ ገቡ። በእግራቸው። ከዚያ በፊት በእግራቸው ሲሄዱ ያየኋቸው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እስከ ቅኔ ማሕሌት ብቻ ነው። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ወጥቷል።

«ገስግስ ሞተ» አሉ። «ነሐሴ ውስጥ በሽታ ገባ። በሦስት ቀን። እንዳይተላለፍ ተብሎ ከነጠጉሩ ተቀበረ፤ እኔ አልነበርኩም። አንዲት ጭራ አላስቀሩልኝም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ያ ያጣሁት ፈረስ በአንቺ እጅ አለ አሉኝ። ሰው ሱቁ ሣጥን ውስጥ አይቻለሁ ብሎኛል። የፈለጋችሁትን ውሰዱና ስጡኝ።»

ሐጂ በዓይናቸው ጠቀሱኝ። «ስጪያቸው» ነው ነገሩ። ሣጥኑን ከፈትኩ። ሦስተኛውን ገስግስ አወጣሁ። ነገሩን ሊያስቆመው የሚችል ሰው አልነበረም፣ ከእኔ በቀር፤ እኔም አላስቆምኩትም።

ባላምባራስ ፊቱን አላዩትም፣ ግላሱንም። ጭራውን ብቻ በሁለት ጣታቸው ይዘው ከላይ እስከ ታች ቀስ ብለው ሳቡት። ደግመው ሳቡት።

«ይታይሽ» አሉኝ፣ «ይሄ ማነው?»

አለመጮኻቸው ነው የገደለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «የጋሪ ፈረስ ነው፣ ባላምባራስ» አልኩ። የሐጂ መቁጠሪያ ቆመ። ባላምባራስ ለብቻቸው በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ የገባኝን አልጽፈውም።

«ሰባት ቀን ሰጥቼሻለሁ» አሉኝ በመጨረሻ። «የገስግስን ጭራ አምጪ። ካላመጣሽ ጥር ጊዮርጊስ ላይ ለፈረሰኛው ሁሉ እነግራለሁ። ከዚያ በኋላ ማን ጭራ እንደሚሰጥሽ አያለሁ።»

ማንም እንደማይሰጠኝ አወቅሁ። ጭራ ከሌለ ደግሞ አሻንጉሊቱ ማንም አቡጀዲ የሚሰፋው ነገር ነው። አምስታችንም ሥራ አይኖረንም ማለት ነው። ከዚያ ይበልጥ ግን የከነከነኝ የሽማግሌው ሁለት ጣቶች ናቸው።

በማግስቱ በጭነት መኪና እንጅባራ ወጣሁ። ዝናብም ብርድም ነበር። ሚስ ኤለን ቤት ስገባ አንድ ግድግዳ ሙሉ አሻንጉሊት ተደርድሯል፤ ከየአገሩ የሰበሰበችው፣ ማንም ተጫውቶበት የማያውቅ። ገስግስ መሐል ላይ ነው። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሦስቱን ሐሰተኞች ጭምር። እውነቱን ስነግራት የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። ፊቷ በራ።

«እንግዲያው እውነተኛው የእኔ ብቻ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ እንዴት እሰጥሻለሁ?»

እውነት መናገር ዋጋ እንደሚያስወድድ ያን ቀን ተማርኩ። ለመንኳት፤ አልሆነም። «አንድ ነው ብለሽ የሸጥሽልኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ። ቢያንስ ባለቤቱ መጥተው እንዲያዩት ፍቀጅልኝ አልኳት። ይህንን እሺ አለች።

በሰባተኛው ቀን ባላምባራስን ይዤ ገባሁ። ጫማቸውን ደጅ አወለቁ። ሚስ ኤለን ገስግስን ከመደርደሪያ አውርዳ ጠረጴዛ ላይ አቆመችላቸው። እሳቸው ወንበር አልፈለጉም፤ ተንበረከኩና ጭራውን በሁለቱ ጣቶች ሳቡት። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፍተው በአገውኛ ያወድሱት ጀመር፤ ያሸነፈባቸውን ሜዳዎች፣ የተሻገራቸውን ወንዞች፣ ሣር ሲሰጡት እጃቸውን እንዴት ያሸት እንደነበር። እኔ አለቀስኩ። ሚስ ኤለን አንድ ቃል አልገባትም፤ እሷም አለቀሰች።

ዓይኗን ጠርጋ ወደ ጓዳ ሄደችና መቀስ ይዛ መጣች። «ጭራውን ይውሰዱ» አለች።

ባላምባራስ ደንግጠው ተነሡ። «መቀስ? ገስግስን?»

ያኔ ወስፌዬን ከመቀነቴ አወጣሁ። የፈረሱን ሆድ በስፌቱ ፈታሁ፤ ጠጉሩን ለይቼ የራሴን ቋጠሮ ፈለግሁ። ፈረስ የሚያንጠለጥል ቋጠሮ ነው፤ እንኳን ለሌላ ሰው፣ ለእኔም ለመፍታት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሁለቱም አልተቀመጡም። አንዲት ጠጉር ሳትበጠስ ጭራው ወጣ። ባላምባራስ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፣ ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ለሚስ ኤለን እጅ ነሥተው፣ «ፈረሱ ይቆይሽ» አሏት።

የጋሪ ያልሆነ ሌላ ጭራ ፈልጌ ልተክልላት ብል እምቢ አለች። «እንዲህ ይሁን» አለች። እንዲሁ ከነቀዳዳው መደርደሪያው ላይ መለሰችው።

አሁን የሚያስቀው ይመጣል። ሚስ ኤለን ታሪኩን ለእንግዶቿ ሁሉ አወራች። ወር ሳይሞላ ከአውቶቡስ የሚወርደው ፈረንጅ «ጭራ የሌለው አለ?» ማለት ጀመረ። ሐጂ ኑሩ ላብ በላብ ሆነው ከጀርባ ገቡ።

«ይታይሽ! ጭራ አልባ! ሥራውም ይቀላል!»

«አንድ ነው፣ ሐጂ» አልኳቸው።

ከዚያ ወጥተው ገዢውን «አንድ ነው፤ እሱም እንጅባራ ነው» ሲሉት ሰማሁ። ገዢው ተናድዶ ሌላ ሁለት ፈረስ ገዛ።

ሣጥን ውስጥ የቀረውን ሦስተኛውን ገስግስ ጭራውን ነቅዬ፣ ግላሱን ገፍፌ ለባለጋሪው ልጅ ሰጠሁ። አዲስ አበባ የሄዱትን ሁለቱን ግን በደብዳቤም በሰውም ብፈልግ አጣኋቸው። የጋሪ ፈረስ ጭራ ተተክሎባቸው በአንድ ትልቅ ሰው ሳሎን ዛሬም ቆመው ይሆናል። ሳስበው አሁንም ፊቴ ይቀላል።

በጥር ጊዮርጊስ ባላምባራስ በውሰት ፈረስ መጡ። ፈረሰኞቹ ተሰብስበው ሳለ ጠሩኝና ከሁሉ ፊት አቆሙኝ።

«ለይታይሽ ጭራ ስጧት» አሉ። «ቋጠሮዋ ደህና ነው። ግን ቁጠሩባት።»

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ጭራ ተከልኩ፤ በየዓመቱ እየመጡ ቆጠሩብኝ። አንድም ጊዜ አልከፋኝም። ገዢ መደርደሪያውን ነው የሚያየው፣ ነጋዴ ሣጥኑን። ስንት እንደተሠራ የሚያውቀው የሠራው ሰው ነው፤ ስለዚህ አንድ ነው ካላችሁ፣ አንድ ሥሩ።