ልብስ ሰፊዋ ከጫካ የምታመጣው ወሬ

ልብስ ሰፊዋ በብርዱ ወራት ጠዋት ጠዋት ጫካ የምትገባው እንጨት ለመልቀም አይደለም፤ ወሬ ለመልቀም ነው። ባሏ ዕድሜውን ሙሉ ደን ሲጠብቅ ኖሮ፣ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ አልጋ ላይ ቀርቷል። የጫካውን ወሬ ካልሰማ እህል አይወርድለትም።

መጀመሪያ ላይ ወሬዋ ለዛ አልነበረውም። «ዛፍ አየሁ» ስትለው «ጉድ ነው! ጫካ ውስጥ ዛፍ?» ብሎ ይስቅባታል። እየዋለ እያደረ ግን ዓይኗ ተከፈተ። ክር በመርፌ ቀዳዳ ሲያሾልክ የኖረ ዓይን ምን ይሳነዋል? ውርጩ የወደቀውን ቅጠል መሃሉን ትቶ ጠርዙን ብቻ እንደ ቀሚስ ዝምዝማት ነጭ አድርጎት፣ የዛፍ ሽበት በግንዱ ባንድ ጎን ብቻ በቅሎ፣ አንዲት ወፍ ላባዋን ነፍታ እፍኝ አክላ ተቀምጣ ታያለች። ስትነግረው ዓይኑን ጨፍኖ «በየትኛው ጎን?» ይላታል። አብሯት እየሄደ ነው።

ዘንድሮ ግን ጉልበቷ እምቢ አለ። ብትነግረው «ይቅርብኝ» ይላታል። ይቅርብኝ ካለ ደግሞ፣ ከሐኪም ቤት እንደወጣ ሰሞን፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዝም ይላል። ያን ዝምታ ክፉኛ ፈራችው። ስለዚህ ከመንገዱ ጥግ ያለው ዳቦ ቤት ገብታ፣ ምድጃው አጠገብ ጉልበቷን እያሞቀች ወሬውን ከራሷ መፍጠር ጀመረች።

አንድ ቀን አፏ አዳለጣት።

«ጉንዳኖቹ ተሰልፈው መንገዱን ሲያቋርጡ ብታይ!» አለች፣ ሻሿን እየፈታች።

ባልየው ዓይኑን ገለጠ። የመስኮቱ መስታወት ላይ ያለው ውርጭ ገና አልቀለጠም። በዚህ ብርድ የትኛው ጉንዳን ነው ከጉድጓዱ የሚወጣው?

«ተሰልፈው?» አለ።

ያኔ ገባት። ሻሿን እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ጉልበቴ ነው» አለች። «እንዳትከፋብኝ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ እኮ። ብርዱ ከገባ ጀምሮ ዳቦ ዳቦ ትሸቻለሽ። ስንት ዘመን ጫካ ውስጥ ኖሬ አንድም ቀን ዳቦ ሸቶኝ አያውቅም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ወሬሽ ስለጣመኝ ነዋ! ጉንዳኑ ግን በዛ።» ከዚያ ሳቁን ተወው። «የምጠብቀው ጫካውን መሰለሽ? አንቺ መጥተሽ ስታወሪልኝ ነው ቀኑ የሚነጋልኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን በሻሿ ጠረገች።

በማግስቱ ኮቷን ስትደርብ «የት ልትሄጂ?» አላት። «ደጃችን ላይ ያለችውን ዛፍ ንገሪኝ። ሥራ ልገባ ስሮጥ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ አላየኋትም።»

በሩን ገርበብ አድርጋ በርጩማዋን ከዛፏ ሥር አስጠጋች። ቅርፊቱን እንደ ጨርቅ በጣቷ እየዳበሰች ቆየች። አንዱ ስንጥቅ ውስጥ አንዲት ጥንዚዛ እግሯን ሰብስባ ተኝታለች።

«አገኘሁ!» አለች ጮክ ብላ።

«በየትኛው ጎን?» አለ ባሏ ከውስጥ።