መኪናዬ ውስጥ የተገኘው ዶሜይን

ሰኞ ጠዋት የላብራቶሪ ስብሰባ ላይ ቁጭ ብዬ... የገዛ ሐሳቤ ስክሪን ላይ ወጥቶ አየሁት። ሥዕሉ የእኔ፣ የቀባሁት ቀለም እንኳ የእኔ። አቅራቢዋ ግን ሊያ ናት።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እዚህ ሰው አገር፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ላብ ውስጥ ቴክኒሺያን ነኝ። የምንሠራው የወባ ፓራሳይት ላይ ነው። ይሄ ጉድ እግር የለው፣ ክንፍ የለው... ግን ቀይ የደም ሴል ውስጥ ሰርስሮ ይገባል። የሚገፋው ብዙ ፕሮቲኖች ተጋግዘው የሚሠሩት ትንሽዬ ሞተር ነው። እኔ የነዚህን ፕሮቲኖች ቅርጽ ኮምፒውተር ላይ እያየሁ በየዶሜይናቸው፣ ማለትም በየክፍላቸው፣ እመድባለሁ፤ ይሄ የሚጎትተው ራስ፣ ይሄ አንገት፣ ይሄ ጅራት እያልኩ።

ሊያ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ተማሪ ናት። ላቡ ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ። እናቷ እትዬ ሙሉ፣ ዎርዝንግተን የሚባለው ሰፈር ጎረቤቴ ናቸው። «አደራህን፣ መንገድ ላይ በአማርኛ ብቻ አናግራት፣ ቋንቋው ጠፋባት» ስላሉኝ በመኪናዬ አመላልሳታለሁ። ወሬ ሲያልቅብኝ ስለ ሥራዬ እነግራታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ «ሊያዬ፣ ሁላችንም ጅራት ብለን የመደብነው ቁራጭ እኮ ጅራት አይደለም! አተጣጠፉን ስታዪው አንገት ነው። ሌላ ትንሽ ፕሮቲን የሚጠመጠምበት ቦታ አለው» አልኳት።

«ዌይት... ሪሊ? እንዴት አወቅክ?»

ጠየቀችኝ ብዬ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። በራቸው ላይ መኪናዬን አቁሜ፣ ላፕቶፔን ከፍቼ አሳየኋት። ሥዕሉንም ሴንድ አደረግኩላት። እንደኔ ያለ ቴክኒሺያን ስሙ የምርምር ጽሑፍ ላይ የሚወጣው የራሱን ሐሳብ ሲያመጣ ነው። እኔ ደግሞ ለዶክትሬት ለማመልከት ያ ስም በጣም ያስፈልገኝ ነበር።

ወደ ስብሰባው ልመልሳችሁ። የላቡ ኃላፊ ፕሮፌሰሯ ተደንቃ «እንዴት መጣልሽ?» ስትላት፣ ሊያ ፈገግ ብላ «መኪና ውስጥ እያለሁ» አትልም!

አሁን ስሜን ትጠራለች፣ አሁን ትጠራለች እያልኩ ጠበቅኩ። ወደ እኔ ዞር አላለችም። ተነስቼ «የእኔ ነው» ማለት እችል ነበር... ግን ሰው ፊት ከልጅ ጋር ልነታረክ? ይሉኝታ አፌን ያዘኝ። ሲያጨበጭቡላት እኔም አጨበጨብኩ።

ከሰዓት ወደ ቤት ይዣት ሄድኩ፤ አደራ ነዋ። ፓራሳይቱ እንኳ ሰው ደም ውስጥ የሚገባው በራሱ ሞተር ነው፣ እሷን ግን በራሴ ቤንዚን አመላልሳታለሁ! ሀይዌይ ላይ ስንወጣ አላስቻለኝም።

«ሊያ፣ ለምን?»

«ጋሼ፣ አንተ ሚቲንግ ላይ አታወራም። አይ ቶት... አትፈልገውም ብዬ ነው።»

«እሺ፣ አሁን ለፕሮፌሰሯ ንገሪያት።»

«ናው? ኢት ዊል ቢ ሶ ኦክዋርድ... ያሳፍራል» ብላ ስልኳ ላይ አቀረቀረች።

ያጎረሰ እጅ ይነከሳል ሲባል እሰማ ነበር። እንደዚህ የሚያም ግን አልመሰለኝም። እንደ ታናሽ እህቴ ነበር የማያት።

እትዬ ሙሉ በር ላይ ቆመው «ተባረክ! ትናንት እራት ላይ ስለ ወባ ፓራሳይት በአማርኛ አስረዳችን እኮ! ልጄን ሰው አደረግካት» አሉኝ። ለካ ልምምዷን እዚያ ጨርሳ ነው የመጣችው። ለእናትየው ምን ልበል? «አሜን» ብዬ ቤቴ ገባሁ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ፕሮፌሰሯ ኢሜይል ላከችልኝ። የሊያ ሐሳብ በሙከራ መረጋገጥ አለበት፤ ያንን ቁራጭ ቆርጠን አውጥተን ፓራሳይቱ ሴል ውስጥ መግባት ያቅተው እንደሆነ እንይ ብላለች። ሙከራውን የምሠራው እኔ ነኝ። «እጅህን ስለማምነው» ትላለች።

እንግዲህ ከተሳካ ሐሳቡ የሊያ ነው... ካልተሳካ ግን እጁ የእኔ ነው።