ለወንድሜ አርባ የፈለግኩት ጎሚስታ

ከስማዳ የወጣሁት ገና ሲነጋጋ ነው። በወረዳችን ከተማ በወገዳ መናኸሪያ እናቴ የበሶ ቋጠሮ አቀበለችኝና «አያህን ስታገኘው ከሱ አትለይ» አለችኝ። አያ ሙሉ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ቀድሞኝ ጀርመን ገብቶ ነበር። በረሃውንም ባሕሩንም ያሻገረኝ እሱ ጋ እደርሳለሁ የሚለው ሐሳብ ነው። ደረስኩ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት አብረን ኖርን። ከዚያ በአጭር ሕመም ሞተ። እዚሁ ቀበርኩት።

የዚህ አገር ብርድ ከጉና ተራራ ብርድ አይብስም። ግን ጉና ላይ የማያውቅህም ሰው «ግባ፣ እሳት ሙቅ» ይልሃል።

አያ ሙሉ አገር ቤት ሳለ በወገዳ መንገድ አይሱዙ ይነዳ ነበር። እዚህ የገዛት መኪና ግን ዝቅ ያለች ናት። «ይቺ እኮ በሆዷ ነው የምትሄደው» እያለ ይስቅባት ነበር። ከልኳ ከፍ ያሉ አራት ጎማዎች ፈልጎ ገዛና ምድር ቤት አስቀመጠ። «እነዚህን ስታደርግ የስማዳን ኮረኮንች ትችላለች» ብሎ ለእናታችን በስልክ ነግሯታል። ሳያስገባቸው ሄደ።

ለአርባው ተዝካር ሁለት ሳምንት ሲቀር እናቴ ደወለች።

«ሬሳውን አላየሁም፤ መቃብሩንም አላየሁም» አለች። «ሰው ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ጠመንጃው ተይዞ ይለቀስለታል። የልጄ ፈረስ መኪናው ናት። በነዚያ ጎማዎቹ አቁመህ ፎቶዋን ላክልኝ። አሳጥቤ ለአርባው ይዤው እቆማለሁ።»

«እሺ እምዬ» አልኳት። ቀላል መስሎኝ ነበር።

ወገዳ ቢሆን ቀላል ነው። የእኛ ጎሚስታ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ «ባይገባም እናስገባዋለን» ይላል። እዚህ የመጀመሪያው ጎሚስታ ያየው ጎማውን ሳይሆን የመኪናዋን ሊብሬ ነው።

«ይህ የጎማ ቁጥር ወረቀቱ ላይ የለም።»

«ጎማው ግን ይኸው አለ።»

«ወረቀቱ ላይ የለም።»

«ብትለካው እኮ...»

«የሌለ ነገር አይለካም» አለኝና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ።

ሁለተኛው «ቴርሚን አለህ?» አለኝ። ቴርሚን ቀጠሮ ማለት ነው፤ እዚህ አገር ያለ ቴርሚን ማልቀስም የሚቻል አይመስለኝም። ቀጠሮ ይዤ ስመለስ «ገህት ኒሽት» አለኝ፤ አይሆንም። ሦስተኛውም አይሆንም አለ።

አርባው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አገሬ ሳለሁ የማውቀውን አደረግኩ። ሽማግሌ ያዝኩ። በአጠገባችን ከተማ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ፣ ከስማዳ አጎራባች ከእስቴ የመጡ ቄስ አሉ። እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

«ልጄ፣ ለጋብቻ ሄጃለሁ፣ ለደም ሄጃለሁ፤ ለጎማ ተልኬ አላውቅም» አሉኝ። ግን መስቀላቸውን ይዘው መጡ።

ወደ ሦስተኛው ጎሚስታ ተመለስን። ክላውስ የሚባል ሽበታም ሰው ነው። አባን ሲያይ ደንገጥ ብሎ ወንበር አቀረበ።

«እሺ ሳይለን አንቀመጥም በለው» አሉኝ አባ። ተረጎምኩለት።

«ወንበሩ ንጹሕ ነው» አለ ክላውስ።

«ንጹሕ መሆኑንማ አይተናል። እሺ ይበለን።»

«ጠበቃህ ናቸው?» አለኝ።

«አይደሉም። ሊለምኑህ ነው የቆሙት።»

ሌሎች ደንበኞች መጥተው ሄዱ። አባ ነጠላቸውን አጣፍተው እንደ ቆሙ ናቸው። ክላውስ ወንበሩን አየ፣ እሳቸውን አየ። በመጨረሻ «ለምንድን ነው እነዚህን ጎማዎች ብቻ የምትፈልገው?» አለኝ።

ለሦስቱም ስለ ጎማው እንጂ ስለ ወንድሜ አልነገርኳቸውም ነበር። «ማይን ብሩደር» አልኩት። ወንድሜ ማለት ነው። «ወንድሜ ሞቷል። የሱ ናቸው። እናቴ ፎቶ ትፈልጋለች።» በዚህ ቋንቋ «ሞቷል» ሲሉኝ ሰምቻለሁ እንጂ እኔ ስል የመጀመሪያዬ ነበር።

ክላውስ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «መሪው ሲዞር ጎማው ከላዩ ካለው ፓራፋንጎ ጋር ይፋጫል። መንገድ ላይ አይወጣም።»

«ቀጥ ብላ ትቁም ብቻ።»

«መኪናዋ ከግቢው ሳትወጣ ጎማውን መልሼ እፈታዋለሁ።»

«እሺ።»

«አሁን ይቀመጡ በላቸው» አለ። አባ «እግዚአብሔር ያክብርልን» ብለው ተቀመጡ።

ጎማዎቹ ገቡ። መኪናዋ ከፍ ብላ፣ ግንባሯን ቀና አድርጋ ቆመች። ከጎኗ ቆምኩና ክላውስ ራሱ ፎቶ አነሳኝ። ላክሁት። እናቴ ወዲያው ደወለች።

«አማረባት!» አለች። «አሁን ስማዳ ትደርሳለች አይደል?»

ክላውስ በብሎን መፍቻ ማሽኑ የፊቱን ጎማ መፍታት ጀምሯል።

«ትደርሳለች እምዬ።»

«ምንድን ነው የሚጮኸው?»

ማሽኑን አየሁት።

«እሷ ናት» አልኳት። «ሞተሯ ነው።»

«ቆይ፣ ልስማት» አለችኝ።

ስልኩን ወደ ጎማው አስጠጋሁላት።