በሃምሳው የጾምኩት ጾም

ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው... ውሃ ልጠጣ ኩሽና ብቅ ብል የምራቴ እናት ቀንድ አውጣ ያጥባሉ። ከነቅርፊቱ! አንድ ትልቅ ሳህን ሙሉ።

እትዬ ሉፔ እላቸዋለሁ። ልጃቸውን ማሪያናን ሊያርሱ ከሜክሲኮ የመጡ ናቸው። ማሪያና የልጄ የዳዊት ሚስት ናት፤ እዚህ ስደት አገር፣ ዋይንድሃም ቬል የሚባል ሰፈር አንድ ቤት ነው የምንኖረው ሁላችንም።

አገራቸው ሞቃት ነው፣ ካቴማኮ የሚባል ሐይቅ ዳር። ባለቤታቸው ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ ሞተዋል። እንደኔው ብቻቸውን የቀሩ ሰው ናቸው። ቀንድ አውጣውን ባልየው ከሐይቁ ድንጋይ ሥር እየለቀሙ ያመጡላቸው ነበር አሉ። እዚህ ፉትስክሬይ ገበያ ሲያገኙት ደስታቸው ልክ አልነበረውም። በሎሚና በቃሪያ ለውሰው አቀረቡት... መጀመሪያ ለእኔ።

«አባዬ፣ ለአንተ ብላ ነው የሠራችው» አለኝ ዳዊት።

እኔ ቀንድ አውጣ አልበላም፤ ሃይማኖቴም አይፈቅድም። ይህን ማለት ነበረብኝ። ግን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ እሳቸው ቋንቋ እያስተረጎምኩ ራሴን ላስረዳ? ኩራት ነው መቼም... አፌ የራሱን አወጣ።

«ጾም ነኝ።»

«የምን ጾም? ትናንት ዶሮ በልተህ አልነበር?»

«ዛሬ ገባ! አንተ ጴንጤ ነህ፣ ስለ ጾም ምን ታውቃለህ?»

ኦርቶዶክሶች እየሳቃችሁብኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ሃምሳው ላይ ነን እኮ! ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ጾም የሌለበትን ሰሞን መርጬ ነው የዋሸሁት።

እትዬ ሉፔ ሳህኑን አነሱ። አልተቀየሙም። እንዲያውም ምን ምን እንደማይበላ ዳዊትን አንድ በአንድ ጠየቁት። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል... እስከ ዘጠኝ ሰዓትም እህል አይቀመስም።

«ዓሣስ?» ብለው አስጠየቁ።

«ዓሣም!» አልኩ ከሶፋው ላይ። እንዲያው እልህ።

በነጋታው ከማለዳ ጀምሮ ጉድ ጉድ ይላሉ። እነሱ አገር የበቆሎ ሊጥ በአሳማ ሞራ አሽተው፣ ዓሣ ወይ ሥጋ ከትተውበት፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው በእንፋሎት ያበስሉታል። እኛ ድፎውን በኮባ እንደምንጠቀልለው ማለት ነው። ለእኔ ሲሉ ሞራውን ትተው ዘይት አደረጉ፤ በሥጋው ፈንታ ጥቁር ቦሎቄ። የቅጠሉ ሽታ ቤቱን ሞላው።

እኔ ደግሞ ስድስት ሰዓት ሲሆን አንጀቴ ታጠፈ። ትሩጋኒና ሰፈር ያለው ጓደኛዬ የሰጠኝ ቋንጣ ፍርፍር ጋራዡ ፍሪጅ ውስጥ አለ... ሹልክ ብዬ ገባሁ። ከመኪናው ጀርባ ባዶ የቀለም ባልዲ ገልብጬ ቁጭ አልኩና ሳላሞቀው እጎርስ ጀመር። ቅቤው ጢሜ ላይ ረጋ።

በሩ ተከፈተ።

እትዬ ሉፔ! የቀረ የሙዝ ቅጠል ከፍሪጁ ሊወስዱ ነው የመጡት። አዩኝ። አየኋቸው። ጉንጬ ሙሉ ነው... ልዋጠው ወይስ ልትፋው?

ቅጠላቸውን አወጡ፤ ሲወጡ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉልኝ። ሌላ ሰው እንዳያየኝ መሆኑ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጠራሁ። ቅጠሉን ራሳቸው ፈቱልኝ። ሲፈቱልኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

«ምነው፣ አሟቸዋል?» አልኩ።

ማሪያና ተናገረች፣ ዳዊት ተረጎመ። «ርቧት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ብቻ ነው የጠጣችው። አባትህ ብቻቸውን አይጾሙም ብላ እምቢ አለችን።»

ጋራዥ ካዩኝ በኋላ እንኳ ጾማቸውን አልፈቱም! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እትዬ ሉፔ በእጃቸው ብቻ ብሉ፣ ብሉ ይሉኛል። ቋንጣው ገና ከደረቴ አልወረደም። ሦስት በላሁ። ይባስ ብሎ ጣፈጠኝ።

በኋላ ለዳዊት ሁሉንም ነገርኩት።

«አልበላም ብትል በቃ ነበር እኮ፣ አባዬ። እሷም የበግ ሥጋ አትነካም። ስንሰጣት አልፈልግም ትላለች፣ አለቀ።»

ይቅርታ ልጠይቃቸው ስንቴ አሰብኩ። ግን ይቅርታውም በሁለት ሰው አፍ ዞሮ ሊደርስ ነው... አልወጣልኝም። ለንስሐ አባቴ ብቻ ተናዘዝኩ።

«በሃምሳው ጾምኩ አልክ?» ብለው ራሳቸውን ያዙ። «እንግዲያው ሃምሳው ሲያልቅ የሐዋርያትን ጾም አንድ ቀን ሳታጎድል ትጾማታለህ።»

ጾሙ ገባ። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ማሪያና እንቁላል ጠብሳ አቀረበችልኝ።

«ጾም ነኝ» አልኩ። የምር! እግዜር ምስክሬ ነው።

ዳዊት እየሳቀ አስተረጎመው። እትዬ ሉፔ ግን አልሳቁም። እኔን አዩኝ... ከዚያ ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደ ጋራዡ በር ሄደ።