ፒዛ የጋበዙኝ ቀን

ልጅ እያለሁ ፒዛ ለእኛ በቴሌቪዥን የሚታይ እንጂ የሚበላ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ጋምቤላ መሃል ከተማ፣ ከገበያው አለፍ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ ፒዛ ቤት ስትከፈት የሰፈር ልጆች ወሬያችን ሁሉ እሷ ሆነች። ከትምህርት ቤት ስንመለስ መንገድ አዙረን በበሯ እናልፋለን። የሚጋገረው ሊጥና የሽንኩርቱ ሽታ እስከ አስፋልቱ ይመጣ ነበር። ቆመን እናሸታለን።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የአባቴ እህት፣ አክስቴ አቻላ፣ መጣችና «ተነሺ ልበሺ፣ ዛሬ ፒዛ እጋብዝሻለሁ» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ለገና የተገዛልኝን ቀሚስ አልብሳኝ ፀጉሬን ቅባት ቀባችኝ። ከዚያ ማበጠር ጀመረች፤ አበጥራ ስትጨርስ እንደገና ጀመረች። «እማ፣ በቃ ረፈደብን» ብዬ ከእጇ አምልጬ ወጣሁ። የተሳፈርንባት ባጃጅ ስትነሳ እንኳ ዞሬ አላየኋትም።

ፒዛ ቤቷ ውስጥ ሙቀቱ ከውጪው ይብስ ነበር። ፒዛው በክብ ትሪ መጣ፤ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ የተፈጨ ሥጋ፣ ከላይ የቀለጠ ቺዝ። ስገምጠው ቺዙ እንደ ክር ተጎትቶ አገጬ ላይ ተለጠፈና ሳቄ መጣ። ምላሴን አቃጠለኝ፤ ግን ማን ያቆመኛል። አክስቴ አልበላችም። ስልኳን እያየች «ቀስ ብለሽ ብዪ፣ ማን ያባርርሻል» ትለኛለች። ሁለት ቁራጭ ለእናቴ ይጠቅለልልኝ ስል ቀና ብላ አየችኝና ተመልሳ ስልኳ ላይ አቀረቀረች።

ቤት ስንደርስ እናቴ የለችም። ጡት ያልጣለው ታናሽ ወንድሜም የለም። አባቴ በረንዳው ላይ ብቻውን ተቀምጧል።

«እናትሽ ጁባ ሄደች» አለኝ። «ወንድሟ ሆቴል ውስጥ ሥራ አግኝቶላታል። ትመጣለች።»

አክስቴ ከኋላዬ ሆና «እንዳታለቅሺ ብለን ነው» አለች።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በአጥሩ በኩል «አይዞሽ ልጄ» ስትለኝ ሁሉም ገባኝ። ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አላለቀስኩም። የተጠቀለለውን ፒዛ ለውሻ ጣልኩለት። ትልልቆቹ «ልጅ ቶሎ ይረሳል» ይሉ ነበር። እኔ ግን እናቴ በደወለች ቁጥር ከቤት እየወጣሁ፣ ድምፅዋን ሳልሰማ ስድስተኛ ክፍልን ጨረስኩ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ስትመለስ ወንድሜ ይሮጥ ነበር፤ እኔን አያውቀኝም። አድጌ፣ እኔም ለመናገር ድፍረት ሳገኝ፣ ለምን ሳትሰናበተኝ እንደሄደች ጠየቅኳት። «ፊትሽን እያየሁ መኪና ላይ መውጣት አቃተኝ» አለች። እውነቷን ነው። ግን ያን ቀን የራራችው ለእኔ ሳይሆን ለራሷ ነበር።

ዛሬ ከተማችን ውስጥ ፒዛ ብርቅ አይደለም፤ ሽታውን ብሎ በር ላይ የሚቆም ልጅም የለም። እኔም ለሥራ ኢታንግ እመላለሳለሁ፤ አንዳንዴ ሳምንት እዚያው እቆያለሁ። ልጄ አራት ዓመቷ ነው። አክስቴ አቻላ ዛሬም «ሳታይሽ ሹልክ በይ፤ ለምን ታስለቅሻታለሽ?» ትለኛለች። እኔ ግን ልጄን ቀስቅሼ መሄዴን እነግራታለሁ። አንገቴን አንቃ ታለቅሳለች፤ መኪናው እስኪነሳ እያየችኝ ታለቅሳለች። እናቴ ከኋላዋ አቅፋ ትይዛታለች፤ ዓይኗን ግን ከእኔ ላይ ታነሳለች።